ዝምድና የለንም ብዬ የጻፍኩት ማመልከቻ

እጅ ጽሕፈቴ ያምራል። ኩታበር ስማር መምህሮቼ የሌላውን ደብተር ዝም ብለው ያልፉና የእኔ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው «ጽሕፈት እንዲህ ነው» ይሉ ነበር። ሰው በእኔ ደስ ሲለው ደስ ይለኛል። ሰውን ደስ የማሰኝበት መንገድ ደግሞ ሌላ አልነበረኝም፤ የታዘዝኩትን ሳላጓድል፣ ሳልሰርዝ፣ አሳምሬ መጻፍ ብቻ ነበር። ያ ያማረ ጽሕፈት ሁለት ሴቶች ላይ ምን እንዳደረገ ነው የምነግራችሁ።

ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ ደሴ የመጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት ነበር። ግቢ ውስጥ በጎ አድራጎት ክበብ ሲመዘግብ ቀድመው ከተመዘገቡት አንዷ ነበርኩ። ብዙም ሳንቆይ ሥራ ተሰጠን። ሆጤ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቁልቁለት መንደር ለመንገድ ማስፊያ ሊፈርስ ነው፤ በየበሩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከነዋሪዎቹ መካከል መሄጃ ለሌላቸው አንድ ማኅበር መኖሪያ ፈልጎ አግኝቷል። ከፊሉ ኮምቦልቻ፣ ድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከፊሉ እዚሁ ደሴ፣ ከተማው ዳር። ውሉ የብዙ ዓመት ስለሆነ የገባ ሰው ዳግመኛ ውጣ አይባልም። የእኛ ሥራ ቤት ለቤት እየዞርን የቤተሰቡን ሁኔታ ፎርም ላይ መሙላት ነበር።

ሰኞ ከሰዓት እትዬ ዘሀራ ግቢ ደረስኩ። ጠባብ ግቢ ነው፤ ፊት ለፊት አንድ በር፣ ከጓሮ በኩል ሌላ ትንሽ በር አለው። እሷ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች።

«ቆመሽ ልትጽፊ ነው? ግቢ እንጂ። መንግሥት እስኪያፈርሰው ቤት ነው» አለችኝ።

መቀመጫ ዱካ አቀረበችልኝ። ፎርሙን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ።

«የቤተሰቡ ኃላፊ?»

«ሰይድ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት ያወርዳል፤ ለጁምዓ ነው የሚመጣው። እሱ ሳይኖር ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ሲኖርም እኔ ነኝ፤ እሱ አይስማ እንጂ።»

የአምስቱን ልጆች ስም ጻፍኩ። በዚህ መሐል ከጓሮው በር አንዲት አሮጊት ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ። ነጠላቸው ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፤ አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ አለ። በርጩማቸው ላይ እስኪቀመጡ ትንፋሻቸው ፉጨት ይሰማበት ነበር።

«እሳቸውስ?» አልኩ።

«እናቴ ናት።»

ዓይኔ ማተቡ ላይ ሄደ። እትዬ ዘሀራ አየችኝ።

«እሱን ነው የምታዪው? ስምሽ ማን ነው የኔ እህት?»

«ከድጃ።»

«እንግዲያ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። የወለደችኝ እዚሁ ግቢ በወሊድ ሞተች። እማማ የሺ ያኔ የሰባት ወር ወንድ ልጅ ነበራት። በአንዱ ጡቷ እሱን፣ በአንዱ እኔን። ሁለት ዓመት። ያጠባ እናት አይደለም?»

«እናት ነው» አልኩ። በእኛ ሃይማኖት ይህ ጨዋታ አይደለም፤ አብረው አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም።

«ልጇ ቢኖር ላገባው አልችልም ነበር፤ ወንድሜ ነዋ።»

«ቢኖርም አያገባሽም» አሉ እማማ የሺ ከበርጩማቸው። «ምላስሽን ያውቀዋል።»

ሁለቱም ሳቁ። ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሄዶ እንዳልተመለሰ በኋላ ነው የሰማሁት።

«እኔንም ጻፊኝ እንግዲህ» አሉኝ እማማ የሺ። «ከቅራቅንቦው ቀጥለሽ።»

እናት ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ «ከቤተሰቡ መካከል ለብቻው የሚያበስልና የሚተዳደር አለ?» ቀና ብዬ አየሁ። በእትዬ ዘሀራ በር አጠገብ ትልቅ ምድጃ አለ። በእማማ የሺ በር አጠገብ ደግሞ ትንሽ ከሰል ማንደጃ፣ ላይዋ ላይ ክዳኗ የተጎረደ ድስት ተጥዳለች። አንዷ የሙስሊም፣ አንዷ የክርስቲያን ሥጋ ትበላለች፤ እማማ የሺ ጾም አላቸው፤ እንዴት ብሎ አንድ ድስት ይሆናል? መልሱ ዓይኔ ሥር ነበር። ግን ያንን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ «ለብቻችሁ ነው የምትበሉት?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ሊከፋቸው ነው ብዬ ፈራሁ። ክፍት ቦታ መተው ደግሞ አልወድም። «የለም» ብዬ ሞላሁት።

ሐሙስ ዝርዝሩ የቀበሌው አጥር ላይ ተለጠፈ። እትዬ ዘሀራ ስልክ ደውላ ጠራችኝ። ስደርስ ዝርዝሩ ፊት ቆማለች።

«አንብቢልኝ እስኪ፤ የእኔ ዓይን ተሳስቶ እንዳይሆን።»

አነበብኩ። ወይዘሮ ዘሀራ አሊ፣ የቤተሰብ ብዛት ስምንት፣ አንድ ክፍል።

«ስምንት ሰው በአንድ ክፍል» አለች ቀስ ብላ። «ጎረቤቶቼ እነ አረጋሽ ግን እናትና ልጅ ሁለት ክፍል ወጣላቸው። እነሱ ምን ስላሉ ነው?»

ምን እንዳሉ አውቄያለሁ። ለእነሱ ፎርም የሞላችላቸው የክፍሌ ልጅ ለብቻው የሚያበስል አለ ወይ ብላ ጠይቃቸዋለች፤ ለብቻው የሚያበስል ደግሞ የራሱ ክፍል ይሰጠዋል። ይህን አልነገርኳትም። «ስህተት ይሆናል፣ አጣራለሁ» አልኩ።

ወደ ግቢው ስንመለስ እማማ የሺ ወሬውን ሰምተዋል። «የኔ ነገር ቀላል ነው» አሉ። «ኩታበር የወንድሜ ልጅ ጋ እሄዳለሁ።»

«የወንድምሽ ልጅ መንገድ ላይ ቢያገኝሽ አያውቅሽም» አለቻቸው እትዬ ዘሀራ።

«እነግረዋለኋ።»

«አርፈሽ ተቀመጪ። እንጠባበባለን።»

«ሌሊት ደረቴ እንዴት እንደሚያደርገኝ ታውቂያለሽ። ሕፃናቱን ሳነቃ ላድር ነው? ኮምቦልቻ ከደረሰሽ ደግሞ ቆላው ይብስብኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለእኔ ብዬ አይደለም ልጄ። አጠገቧ አንዲት ክፍል ባገኝ ሁለቱ ሴቶች ልጆች እኔ ጋ ያድራሉ። ደርሰዋል፤ ከአባታቸው ጋር አንድ ክፍል አይሆንም።»

ነገሩ ሁሉ ይህ ነበር፤ ከዘሀራ በር አጠገብ አንዲት በር።

በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው አቶ ደሳለኝ ደግ ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ የእኔን ፎርሞች ለሌሎቹ ተማሪዎች ምሳሌ አድርገው ያሳያሉ። የእነ እትዬ ዘሀራን ፎርም አውጥተው አዩት።

«ለብቻው የሚያበስል የለም ብለሻላ።»

«ተሳስቼ ነው ጋሼ።»

«አንቺም ትሳሳቻለሽ?» ብለው ፈገግ አሉ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። «ምንም አይደል። ቅዳሜ እጣ ስለሚወጣ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ማመልከቻ ይምጣ። ለብቻቸው እንደሚተዳደሩ ይገለጽ፣ አሮጊቷ ይፈርሙበት፣ በቃ።»

ያሉኝ ይህንን ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ይህን ልብ በሉልኝ።

አርብ ጠዋት ሄድኩ። እትዬ ዘሀራ እጣው ለሰይድ ሥራ ቅርብ ቢወጣልኝ ብላ ክፍሎቹን ልታይ ኮምቦልቻ ወርዳለች። እማማ የሺ በራቸው ላይ ጸሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ደብተሬ ላይ ነጭ ወረቀት አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ።

ማመልከቻው እንዳይወድቅ ፈራሁ። የፊተኛው ፎርም በእጄ «እናት» ይላል፤ ያንን የሚሽር ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ። አቶ ደሳለኝ ሲያነቡት ሌላ ጥያቄ እንዳያነሱብኝ፣ ስህተቴ ድምጥማጡ እንዲጠፋ ፈለግሁ። ስጨርስ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«…ለብቻዬ የምተዳደር ስሆን፣ ከወይዘሮ ዘሀራ አሊ ጋር በጉርብትና ብቻ የምንተዋወቅና ምንም ዓይነት ዝምድና የሌለን መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።»

ማንደጃዋ ላይ ያለችው ድስት ትንተከተካለች።

«ጉርብትና ብቻ?» አሉ እማማ የሺ።

«ጠንከር ካላለ አይቀበሉትም እማማ።»

«እነሱ ናቸው እንዲህ በይ ያሉሽ?»

እዚህ ላይ መልሴን ብዙ ቀን አስቤዋለሁ። «አይደለም፣ ልቀይረው» ማለት እችል ነበር። ሌላ ወረቀት ነበረኝ፣ ጊዜም ነበረኝ። ግን ጽሑፉ አምሮልኛል፤ አንድም ስርዝ የለውም።

«አዎ» አልኩ።

«ዘሀራ ታየዋለች?»

«ኧረ አታየውም። ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

ማተባቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እንግዲህ ልጆቹ የሚተኙበት ከተገኘ… ይሁን። እግዜር የሚያየው ልብን ነው አይደል? የት ነው የምነካው?»

አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶ ቀለም ቀባሁላቸው። ጣታቸውን ይዤ ወረቀቱ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

አቶ ደሳለኝ ማመልከቻውን ተቀብለው ላይ ላዩን አዩት፤ ማኅተም መቱበት። «ምን ዓይነት ጽሕፈት ነው!» አሉ። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ እንደነበር አልረሳውም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እትዬ ዘሀራ ሕፃኑን አዝላ፣ እማማ የሺ አጠገቧ ተቀምጠው፣ እኔ ከኋላቸው። «ኮምቦልቻ አንድ ክፍል አይቼ ወደድኩት» አለችኝ ዞር ብላ። «ጎኑ ያለው ባዶ ነው። ቁልፉን የያዘውን ሰውዬ፣ እጣው እዚህ ከወጣልን ይቺ የእናቴ ናት፣ ለሌላ እንዳትሰጥብኝ ብዬው መጣሁ።»

አቶ ደሳለኝ ከመጀመራቸው በፊት አሠራሩን አስረዱ። ሁለት ክፍል የሚመደብላቸው ዘመዳሞች አንድ እጣ ያነሳሉ፣ በራቸውም ጎን ለጎን ይሆናል። ዝምድና የሌላቸው ሁሉም ለየብቻቸው ያነሳሉ። አዲስ የገቡ ማመልከቻዎች ደግሞ ቅሬታ ያለው እንዲናገር በሕዝብ ፊት ይነበባሉ።

ይህ አሠራር ለእኛ ለተማሪዎቹም በተሰጠን ወረቀት ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር። የፊቱን ነበር በቃሌ የያዝኩት።

አነበቡት። «በጉርብትና ብቻ» ሲሉ እትዬ ዘሀራ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለኝም። «ምንም ዓይነት ዝምድና» ሲሉ ግን ጀርባዋ ቀጥ አለ። እማማ የሺ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ከመሐል አንድ ሰው «ኧረ ይቺ ጡቷን ያጠባቻት አይደለችም እንዴ?» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

አቶ ደሳለኝ ቀና አሉ። «እንዲህ ከሆነ ማመልከቻው ሐሰት ነው ማለት ነው። ሐሰት ከሆነ አመልካቿ ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ ለሁሉም የተደነገገ ነው። ወይዘሮ ዘሀራ፣ ምን ይላሉ?»

እኔ መነሳት ነበረብኝ። «ቃሉ የእኔ ነው፤ እሳቸው አላሉትም፤ ማንም በሉ አላላቸውም» ለማለት አራት ሰከንድ ይበቃል። አቶ ደሳለኝ ለእኔ የሚያሳዩት ፊት ሲለወጥ ታየኝ፤ የክፍሌ ልጆች ሲያዩኝ ታየኝ። ጉልበቴ አልታዘዘኝም ብል ውሸት ነው። አልተነሳሁም።

እትዬ ዘሀራ ተነሳች። የሕፃኑን አንቀልባ አጠበቀች። እማማ የሺን አላየቻቸውም።

«የተጻፈው ልክ ነው» አለች። «ጎረቤቴ ናት።»

እጣው ወጣ። እትዬ ዘሀራ ኮምቦልቻ። እማማ የሺ ደሴ፣ ከተማው ዳር።

በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«እሷ እንዲህ አለች?»

«አላሉም። እኔ ነኝ።»

«ሰኞ ዕለት እናቴ ናት ብዬሽ ነበር» አለች። «ከዚህ ሌላ ምን ልበልሽ ነበር?»

ማክሰኞ ዕቃ ተጫነ። ኮምቦልቻ የሚወርደው አይሱዙ መንገዱ አፍ ላይ ቆመ፤ ለእማማ የሺ ዕቃ አንድ ባጃጅ በቃ። ልጆቹ ሁለቱም ቦታ የሚሄዱ መስሏቸው ትራስ ሲያመላልሱ ዋሉ። እትዬ ዘሀራ የእማማ የሺን ክዳኗ የተጎረደ ድስት ከማንደጃው አንስታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከራሷ ዕቃ ጋር አይሱዙው ላይ አወጣቻት። «እኔ ጋ ስትመጪ በሷ ትበያለሽ» አለቻቸው። ከዚያ እትዬ ዘሀራ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። «አብሽሪ» አለቻቸው። «ቅርብ ነው። ታክሲ ነው።» መኪናው ከተነሳ በኋላ እማማ የሺ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀዩን ቀለም ያዩ ነበር።

በሳምንቱ አቶ ደሳለኝ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ለብቻዬ ነው የማበስለው ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር» አሉ። «እናት መሆናቸውማ ይጠቅማቸው ነበር። አሁን ክፍሎቹ ሰው ገብቶባቸዋል፤ የገባውን ሰው ላስወጣልሽ?» ያስወጡልኝ አላልኩም፤ ማለትም አልችልም። ከዚያ በኋላ ፎርሞቼን ለማንም አላሳዩም።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ ገና ተማሪ የሆናችሁና የሰው ጉዳይ ጻፉ የምትባሉ፣ ነገሩን ቀላል አድርጋችሁ አትዩብኝ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረበትም። ሁለቱም ዛሬ ማንም የማያስወጣቸው ጣሪያ አላቸው፤ በማኅበሩ ሪፖርት ላይ ሁለቱም የተሳካላቸው ተብለው እንደተቆጠሩ አይቻለሁ። ግን እማማ የሺ ሌሊት ሲታፈኑ ግድግዳ መትተው የሚጠሩት ሰው የለም። ሴቶቹ ልጆች አሁንም ከአባታቸው ጋር በአንድ ክፍል መጋረጃ ጋርደው ያድራሉ። እትዬ ዘሀራ ሲመቻት በአስራ አምስት ቀን አንዴ ትመጣለች። አንድ ቀን ሳገኛት «ሰግጄ ሳበቃ ያቺ ቃል ትመጣብኛለች» አለችኝ። «ለሷ ክፍል ብዬ ነው፤ አላህ ያውቃል። ግን ከአፌ ወጥታለች።» አልሰደበችኝም። ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ግቢ ግን አትለኝም።

እኔ የተማርኩት ጥንቁቅ መሆንና ስርዝ ድልዝ የሌለው ወረቀት ማስረከብ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ሰኞ ዕለት ጥያቄውን ብጠይቅ ምናልባት ትንሽ ይከፋቸው ነበር፤ ከዚያ ይስቁበት ነበር። እንዳይከፋቸው ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ እንዳላፍር ብዬ ሳልነሳ ቀረሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጨዋ ልጅ ነበርኩ።

እማማ የሺን አሁንም እሄድላቸዋለሁ። ባለፈው በአዲሱ ሰፈራቸው ቅሬ ሊመዘገቡ አብሬያቸው ሄድኩ። ቅሬ ለማታውቁት፣ በእኛ አገር ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሰፈርተኛው የሚረዳዳበትና የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። የቅሬው ዳኛ ሽማግሌ ሰው ናቸው።

«የማይቀረው ሲመጣ ለማን ነው የምንልከው?» አሉ።

«ለልጄ።»

«የት ነው ያለችው?»

«ኮምቦልቻ።»

«ስሟ?»

«ዘሀራ አሊ።»

ሰውየው ማተባቸውን አዩ፤ ስሙንም ሰሙ። ምንም አልጠየቁም። መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ጻፊው።»

እማማ የሺን አየኋቸው። «ጻፊ» አሉኝ።

«ልጅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ «ዘሀራ አሊ»። ፊደሉ ጠማማ ሆነ፤ አንዴም ሰረዝኩ። ዳኛው መዝገቡን ዘግተው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

እናትና ልጅ መሆናቸው ተጽፎ ያልተሻረበት ወረቀት ያ ብቻ ነው። የሚገለጠውም ሰው ሲሞት ነው።